ያልተመዘገበ አፍ

በሠላሳ ሰባተኛው ቀን ጠዋት መብራቱ ቢጫ ሆነ።

ሶልያና እንደ ወትሮው በባዶ ሆዷ፣ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ፣ ከአፍ ምርመራው መስኮት አራት ፊት ቆማ ከግድግዳው የወጣችውን ነጭ የመመርመሪያ ንክሻ በጥርሷ ይዛ ሃያ ቆጠረች። "አፍ ይከፈት" ይላል የመሣሪያው ድምፅ፤ ትከፍታለች። "አፍ ይዘጋ" ይላል፤ ትዘጋለች። ሠላሳ ስድስት ጠዋት እንዲህ አድርጋ፣ አረንጓዴው በርቶላት፣ "መልካም ቀን" ተብላ ወጥታለች። ባሏ ናሆም ከኋላዋ ባለው አግዳሚ ላይ ቦርሳዋንና ፎጣዋን ታቅፎ ይጠብቃታል፤ አረንጓዴውን ሲያይ ይነሣል። ዛሬም ከልማዱ የተነሣ በግማሽ ተነሥቶ ነበር። ቢጫውን ሲያይ መልሶ ተቀመጠ።

ከኋላቸው የተሰለፉት ሰዎች አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ክፉዎች ሆነው አይደለም። ቢጫ ሲበራ እግር ራሱ ያውቃል።

መድኃኒቱ ከሞተ አርባ አራት ዓመት ሆኗል። ደሴ ውስጥ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው፤ "መድኃኒቱ ሞተ"፣ የዘመድ መርዶ ይመስል። ኢንፌክሽን ይገድሉ የነበሩት ክኒኖችና መርፌዎች አንድ በአንድ መሥራት አቆሙና ነገሩ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቀዶ ሕክምና የሚሠራው አፉ ንጹሕ ለሆነ ሰው ብቻ ነው። ልብ ሲከፈት፣ ከተመረቀዘ ጥርስ ሥር ተነሥታ በደም የምትሄድ አንዲት ጠብታ መግል ትበቃለች። የናሆም እናት የሞተችው በመንጋጋ ጥርስ ነው። ሰኞ ጉንጯ አበጠ፣ ሐሙስ ተቀበረች። እሱ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር። ስለዚህ "የአፍ ፈቃድ" የሚባለውን ነገር ናሆም አይጠላውም፤ ሌላውም ሰው አይጠላውም። ይፈሩታል፣ ይታዘዙታል፣ በቃ።

ደግሞ ሕጉ ሰውን አያውቅም ማለት አይቻልም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ተራው የደረሰ ሕመምተኛ አርባ ቀን በግል ሳህን ለብቻው ይብላ ይል ነበር። ሰው እሺ አለ፣ ፈረመ፣ ቤቱ ገባ፣ በሩን ዘጋና እንደ ወትሮው ከአንድ ትሪ በላ። ብዙ ሰው ሞተ። ክርክሩ እንደማያዋጣ ሲታወቅ ሕጉ ተለወጠና ማዕዱ ራሱ ተመዘገበ፤ ከሕመምተኛው ጋር ወደ አንድ ትሪ እጁን የሚሰድ ሁሉ ስሙ ይጻፋል፣ አፉ ይመረመራል፣ ያጠራጠረ ጥርሱ ይነቀላል። ናሆም ለሶልያና ሦስት መንጋጋ ሰጥቷል። ሁለቱ ታመው ነበር፤ ሦስተኛው አጠራጥሮ ነው። በቀኝ በኩል ጉንጩ ጎድጎድ ያለ ሰው በመንገድ ሲያልፍ የማያውቁት ሁሉ "ይማርልህ" ይሉታል። ሐዋሳ የምትኖረው ልጃቸው ደግሞ ለአርባው ቀን እንዳትመጣ ተብላ ከዝርዝሩ ተሰርዛለች። በማዕዳቸው ላይ የተጻፉት ስሞች ሁለት ናቸው፤ ሶልያናና ናሆም።

"ግቡ፣ አረፍ በሉ" አለች የመስኮቱ ኃላፊ ሲስተር ኤልዳና፣ የጎን በሩን ከፍታ። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። በዚህ ሥራ የሚቀጠር ሁሉ ጥርሱን በሙሉ አስነቅሎ ሰው ሠራሽ ስለሚያስገባ፣ የእሷ ፈገግታ ከመስኮት ሦስት ኃላፊዋ ፈገግታ አይለይም።

"ኢንፌክሽን ነው?" አለች ሶልያና። አንድ ቃል ተናግራ ትንፋሽ መሳብ አለባት፤ በሁለቱ መካከል ናሆም ይጨነቃል።

"አይደለም፣ አይዞዎት። ግን አፍዎ ውስጥ የሌላ ሰው አፍ አለ።"

"የእኔ ነዋ" አለ ናሆም።

"የእርስዎን እናውቀዋለን። ይሄ ያልተመዘገበ ነው። መሣሪያው ሠላሳ ስድስት ቀን አፏን ስለለመደው እንግዳ ሲመጣበት ይለያል። የማን እንደሆነ ግን አያውቅም። እሱን እናንተ ናችሁ የምትነግሩን።"

"ስህተት ቢሆንስ?"

"ሊሆን ይችላል" አለች ኤልዳና በትሕትና። "ላቦራቶሪ አጣርቶ እስኪነግረን ዘጠኝ ቀን ይፈጃል። የወይዘሮ ሶልያና ተራ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የታሸገ ፈሳሽ ብቻ ነው የምትጠጣው፤ እንግዳው ከአፏ ይጠፋል። ምንጩ ካልተዘጋ ግን ሐኪሙ ደረቷን አይከፍትም። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ስም ያስፈልገናል።"

"ስም ካልመጣስ?"

"ተራው ለሚቀጥለው ሰው ያልፋል። እሷ እንደገና ትመዘገባለች።"

እንደገና መመዝገብ ስድስት ዓመት ነው። የሶልያና የልብ ቫልቭ የተበላሸው በልጅነቷ፣ ጉሮሮዋን ታማ ብርድ ነው ተብላ ስትተኛ ነው፤ አሁን አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ በሦስት ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው፣ የቤታቸውን አሥራ ሁለት ደረጃ ናሆም በጀርባው ነው የሚያወጣት። የልብ ሐኪሙ ባለፈው ወር "ይሄን ክረምት ትወጣዋለች" ብሎ ነበር። ስለሚቀጥለው ሲጠየቅ መነጽሩን መጥረግ ጀመረ።

የተጠቆመ ሰው ይጸዳል። ማጽዳት ማለት ጥርሱ ሁሉ በአንድ ቀን ይነቀላል ማለት ነው፤ ወጣት ከሆነ በሁለት ሳምንት ይነሣል። ሽማግሌና አሮጊት ሲሆን ስንቱ እንደሚነሣ የሚቆጥር ቢሮ አለ ይባላል። ሄዶ የጠየቀ ሰው ግን ናሆም አያውቅም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ናሆም አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስበው፤ ያለፈውን ሐሙስ።

ሥራው የገመዱ ጠጋኝነት ነው። ገመዱ ከፒያሳ ተነሥቶ በጦሳ ተራራ ላይ አልፎ እስከ ኩታበር ድረስ ሰው የጫኑ ሣጥኖችን ይጎትታል፤ አንዱ መዘውር ሲንቋቋ ናሆም ይጠራል። ከመቼ ጀምሮ ነው? የቱ ጣቢያ ሲደርስ? ሳይጠይቅ መፍቻ አያነሣም። ሐሙስ ዕለት የመጨረሻው ጣቢያ መዘውር ተያዘና እሱ ተላከ። ጨርሶ ሲታጠብ ቀትር ሆነ። ከጣቢያው ሁለት መቶ እርምጃ ላይ የእታለም ቤት አለ።

እታለም የእናቱ ታላቅ እህት ናት። እናቱ የተቀበረች ዕለት እጁን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደችው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጇ ነው። በወረቀት ስሟ መክሊት እንድሪስ ነው፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ። በመስኮት ፊት ቆማ አታውቅም፤ ታማ ስለማታውቅ አልተጠራችም፣ ስላልተጠራች አልተመዘገበችም። ከጠዋት እስከ ረፋድ የክትክታ መፋቂያ ከአፏ አይወርድም። ሽምብራ ቆሎ ስትቆረጥም ድምፁ ከደጅ ይሰማል። ናሆም ለሶልያና አርባ ቀን ሲል ሊጠይቃት ከሄደ ወር አልፎት ነበር።

"ከበር ነው የምትመለሰው?" አለችው ያን ዕለት። "ቆጣሪ አንባቢ ነህ እንዴ?"

"እታለም፣ ሶሊ ተራ ላይ ናት። አርባ ቀን ውጭ አልበላም።"

"ማን ብላ አለህ? ቅመሳት።"

ሽሮው ትኩስ ነበር። ጠቀለለችና እጇን ዘረጋች። "አፍህን ክፈት።"

ናሆም አልከፈተም። እሷም እጇን አላጠፈችም። እናቱ የሞተች ጊዜ እንዲሁ አፉን ዘግቶ ሁለት ቀን ውሎ ነበር፤ እታለም ያኔ ከፊቱ ቁጭ ብላ፣ ጉርሻዋን ይዛ፣ ክንዷ እስኪንቀጠቀጥ ጠብቃ ነበር ያስከፈተችው። አሁንም ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያኔ ከልቅሶ ነበር፣ አሁን ከእርጅና ነው። "እጄን አየር ላይ ልታስቀረው ነው?" አለች። ናሆም አፉን ከፈተ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም በላ። ደስ አለው፤ እውነቱን ለመናገር ከወር ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት የበላበት ቀን አልነበረም።

ቤቱ ሲገባ በጨው ውሃ አራት ጊዜ ተጉመጠመጠ። ማታ ከሶልያና ጋር ወደ አንድ ትሪ ቀረበ። የምግብ ፍላጎቷ ስለሚጠፋ ካላጎረሷት አትበላም፤ አጎረሳት። ምንም አልነገራትም።

ቢጫው በበራበት ከሰዓት በኋላ ሶልያና ትራሶቿ ላይ ተደግፋ የታሸገውን ፈሳሽ በቱቦ እየሳበች ቆየችና አስቀመጠችው።

"ናሆም፣ አንድ ነገር ልንገርህ።"

ሐሙስ የት ዋልክ ልትለው ነው ብሎ አሰበ። የሥራ ልብሱ ሽሮ ሸቶ ኖሯል፤ አውቃለች።

"አሁን ምንም አትንገሪኝ። ትንፋሽሽን ቆጥቢ።"

"ግን እኮ..."

"ሶሊ ሙች፣ ዝም በይ! እኔ እጨርሰዋለሁ።"

እንዲህ ጮሆባት አያውቅም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ናሆም ገላገለችኝ አለ በልቡ፤ በዚያው ቅጽበት አፈረ፤ ግን እፎይታው ከሐፍረቱ ይበልጥ ነበር።

ሌሊቱን የሐሰት ስም ሲፈልግ ነጋ። የሞተ ሰው ስም ቢሰጥ መስኮቱ ሙታንን ከሕያዋን አብልጦ ነው የሚያውቃቸው። በአጥር የተካሰሳቸውን ጎረቤታቸውን አሰበ፤ ሰውየው ክፉ ነው፣ ጥርሱም ወርቅ ነው። ለአንድ ደቂቃ ያህል ከልቡ አሰበውና በራሱ ደነገጠ። ከዚያ ተነሥቶ የገመዱ ሣጥን ውስጥ ገባና ወደ ላይ ወጣ። ለእታለም ራሱ ሊነግራት ነው። ይቅር በይኝ ሊላት፣ ወይም ሽሺ ሊላት፣ ምን እንደሚላት አያውቅም፤ ብቻ ዓይኗን አይቶ ይነግራታል።

የመጨረሻው ጣቢያ ደርሶ በሩ ሲከፈት ከሩቅ አያት። መፋቂያዋን በአፏ እንደያዘች ዶሮዎቿን ከጎመኑ ታባርራለች። አላየችውም። ናሆም በሣጥኑ በር ላይ ቆመ። "ሂድና ተናገር፣ ሚስትህን አድን" ብትለው ዕድሜውን ሙሉ አይለቀውም። ዝም ብላ ብትመለከተውም እንደዚያው። ወይም ደግሞ፣ ከሁሉ የሚብሰው፣ ግባና ብላ ትለው ይሆናል። ፈራ። ተራራውን ሙሉ ወጥቶ፣ ሁለት መቶ እርምጃ ፈርቶ፣ በዚያው ሣጥን ተመለሰ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መስኮት አራት ፊት ቆመ።

"ስም?" አለች ሲስተር ኤልዳና።

"መክሊት እንድሪስ።"

"ዝምድና?"

ናሆም ዘገየ። "አክስት።"

"አድራሻ?"

"ከገመዱ መጨረሻ ጣቢያ ሁለት መቶ እርምጃ። ጎመን ያለበት ግቢ።"

"ጥርስ አላቸው?"

"አላት። አንድ ብቻ ነው የጎደላት" አለ፤ በድምፁ ውስጥ ኩራት ሰማ። ሰዎች ስለ እታለም ጥርስ ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚሰማው ያ የልጅ ኩራት ነው። አፉን በእጁ ሸፈነ።

"ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን" አለች ኤልዳና፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። የማጽጃው ነጭ መኪና ከግቢው ሲወጣ ጥሩምባ የለውም፤ በረኛው ቆሞ ያሳልፈዋል፣ ሰዉ መንገድ ይለቅለታል።

ናሆም ከበሩ ሲገባ ሶልያና ፊቱን አይታ ቀና አለች።

"ማንን?" አለች። "ናሆም፣ የማንን ስም ሰጠህ?"

"እታለምን።"

"እታለም ምን አደረገች?"

ነገራት። ሐሙስን፣ መዘውሩን፣ ሽሮውን፣ ሦስቱን ጉርሻ፣ የጨው ውሃውን። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገራት፤ ጥፋቱ የሱ እንደሆነ፣ እሷ ምንም እንዳላጠፋች። ሶልያና ስትሰማው ከንፈሯ ከወትሮው ይበልጥ ጠቆረ።

"ሐሙስ ነው የበላኸው?"

"ሐሙስ።"

"ከሐሙስ ወዲህ ስንት ጠዋት አረንጓዴ አየህ?"

ናሆም ቆጠረ። ዓርብ። ቅዳሜ። እሑድ። ሰኞ። ማክሰኞ። አምስት። ቢጫው የበራው ትናንት፣ ረቡዕ ነው። መዘውር ሲበላሽ ከመቼ ጀምሮ ብሎ ሳይጠይቅ መፍቻ የማያነሣ ሰው፣ በዚህ ነገር እስካሁን ጣቱን አጥፎ አልቆጠረም ነበር። ፍርሃቱ አላስቆጠረውም።

"እኔ ነኝ" አለች ሶልያና። "ማክሰኞ ነው። አረንጓዴዬ ከበራ በኋላ፣ አንተ ውሃ ልታመጣ ስትወጣ። ከወረኢሉ የመጣች ሴት ነበረች፣ ተረኛ ናት፣ የመጨረሻ ምርመራዋን ጨርሳ አግዳሚው ላይ ከአጠገቤ ተቀምጣ። ሰው የላትም። አርባ ቀን ብቻዋን ስትበላ። የታሸገ ምሳዋን ከፍታ ታየዋለች፣ አትበላም። ብቻዬን አይወርድልኝም አለችኝ።" ቆማ ተነፈሰች። "አንድ ጊዜ አጎረሰችኝ። መለስኩላት። ምን ላድርግ? ሰው እጁን ዘርግቶ..."

"ለምን አልነገርሽም?"

"ልነግርህ ነበር። ዝም በይ አልከኝ።"

ናሆም መሬቱ ላይ ቁጭ አለ።

"ለመስኮቷ ልጅስ ለምን አልነገርሻትም?"

"ሴትየዋ ዛሬ ጠዋት ነው ደረቷ የሚከፈተው። ስሟን ብጠራ ተራዋ ያልፋል። ላንተ ነግሬህ ተማክረን የምናደርገውን እናደርጋለን ብዬ።"

ናሆም ስልኩን አነሣ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። መስኮቱ ወዲያው ነው የሚመልሰው፤ እሱን ማማት አይቻልም።

"ስሙን አውጡልኝ" አለ። "ተሳስቻለሁ። እሷ አይደለችም። መኪናውን መልሱልኝ፣ በማርያም!"

"የተመዘገበ ስም አይወጣም፣ አቶ ናሆም" አለች ኤልዳና። ድምፏ ውስጥ ጥላቻ የለም፤ ያዘነችለት ይመስላል። "መኪናው ደርሷል። ተጀምሯል።"

ናሆም ወደ ሶልያና ዞረ።

"ሌላ ስም መጨመር ይፈልጋሉ?" አለች። "ሌላ ስም ከተጨመረ መዝገቡ እንደገና ይከፈታል። ተራውን ስለሚነካው አስበውበት ይንገሩኝ።"

ሶልያና ከትራሶቿ ላይ ትመለከተዋለች። አትናገርም፣ በራሷም ምልክት አትሰጥም። የአንገቷ ሥር ሲመታ ከዚህ ይታያል። ያቺ የወረኢሉ ሴት አሁን ደረቷ ተከፍቶ ተኝታ ይሆናል። እታለም አሁን...

"የለም" አለ ናሆም። "ሌላ ስም የለም።"

ቫልቩ በተባለው ቀን ገባ። ሐኪሙ ወጥቶ "ቆንጆ ሆኗል" አለ፣ የቤት ቀለም የቀባ ይመስል። ሶልያና በስድስተኛው ቀን ጋደም ብላ ተኛች፤ በስምንተኛው አሥራ ሁለቱን ደረጃ እየተደገፈች፣ ግን በእግሯ ወጣችና ከላይ ሆና አለቀሰች። ናሆም ደስታ ገደለው። በየቀኑ ወደ ላይ ልወጣ ነው ይላል፤ በየቀኑ የሚያስቀረው አንድ ነገር ያገኛል። እታለም አልሞተችም፤ ይሄን ከጣቢያው ጥበቃ ጠይቆ ሰምቷል። ሌላ አልጠየቀም። ባልና ሚስቱም ስሟን አያነሡም። ሲበሉ ትሪውን በመካከላቸው ያደርጉና ቶሎ ቶሎ ይጨርሳሉ።

በዘጠነኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። "በጥቆማዎ መሠረት የተጸዳው አፍ በላቦራቶሪ ተመርምሮ ከማንኛውም ኢንፌክሽን ነፃ ሆኖ ተገኝቷል። በታካሚዋ አፍ የተገኘው እንግዳም የእሳቸው አይደለም። መዝገቡ ተዘግቷል። የአፉ ባለቤት ንብረት በቅርብ ዘመድ በኩል እንዲደርሳቸው ይደረግ።" ከደብዳቤው ጋር የመዳፍ ያህል የታሸገ ከረጢት ነበር። ናሆም ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ሲራመድ ቆሎ እንደያዘ ሰው ኪሱ ይንቋቋል።

ከዚህ በኋላ ማስቀረት አልቻለም። በማግሥቱ ወጣ።

እታለም ከደጇ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከሩቅ ሌላ ሰው መሰለችው። ጉንጮቿ ወደ ውስጥ ገብተው አፍንጫዋ ረዝሟል፤ አገጯ ወደ ላይ ተሰብስቧል። መፋቂያዋ ከአጠገቧ መደቡ ላይ ተቀምጧል፣ ደርቋል።

"መጣህ?" አለች። ቃሉ በድዷ ላይ እየተንሸራተተ ወጣ። "ቆይ፣ ተቀመጥ። ሶሊ እንዴት ናት?"

"ደኅና ናት። ደረጃውን ወጣች።"

"እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ።" እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ከልቧ ነው።

"እታለም፣ እኔ ነኝ ስምሽን..."

"አውቃለሁ። ከማን ጋር በላሁና?" አለች፤ ዶሮዋን በእግሯ ገፋ አደረገቻት። "ልጆቹ ጨዋዎች ናቸው። እማማ አፍዎን ይክፈቱ አሉኝ። ከፈትኩላቸው።"

ናሆም ማልቀስ ፈለገ፣ አልመጣለትም። እጁ ኪሱ ውስጥ ከረጢቱን ጨብጧል። ሊያወጣው አልደፈረም።

"አንተማ ከስተሃል" አለች እታለም። ተነሣች፤ ለመነሣት ሁለት ጊዜ ሞከረች። ከውስጥ ትንሽ ሰሃን ይዛ ወጣች፣ በሽሮ የራሰ ፍትፍት። "አሁን እንዲህ አርሼ ነው የምበላው። ለአንተም ይስማማሃል፣ ጥርስ እንደሆነ አንተም ጎድሎሃል።" ሳቀች። አፏ ውስጥ ጨለማ ብቻ ነበር።

ጠቀለለች። እጇን ዘረጋች።

"አፍህን ክፈት።"

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ማዕዱ ዘጠና ቀን እንደተመዘገበ ይቆያል። ይህን ናሆም ያውቃል። ደብዳቤው በሌላኛው ኪሱ እንዳለም ያውቃል፤ በአገሩ ከዚህች ሴት አፍ የበለጠ ንጹሕ አፍ የለም፣ በማኅተም ተጽፎለታል። ዛሬ ያጎረሰችውን ቢበላ ማንንም አይጎዳም። ሊከፍት ፈለገ። ከዚህ በፊት ምንም ነገር እንደዚህ ፈልጎ አያውቅም። መንጋጋው ግን አልታዘዘውም። የቀሩት ጥርሶቹ ግጥም ብለው ተጣብቀዋል፣ ጆሮው ሥር ያማል፣ በአፍንጫው ብቻ ይተነፍሳል። ዓይኑ ከእጇ ወደ ሜዳው፣ ከሜዳው ወደ ጣቢያው ይሄዳል፤ ሰው ያየው እንደሆነ ያጣራል።

ሽሮው በጣቶቿ መካከል አልፎ ወደ ክንዷ ወረደ።

"አፍህን ክፈት እንጂ፣ ልጄ" አለች እታለም። ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እጇን አላጠፈችም።